ሥራ አለው፣ ገቢስ? የድሬዳዋ የቀን ሒሳብ

(በድሬዳዋ ለቀበሌ የሥራ ዕድል ባለሙያዎች፣ ለሴፍቲኔት መልማይ ኮሚቴ አባላትና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። በ8 ሰዓት ጠርተናችሁ ቢሆን ግማሻችሁ አትመጡም፤ የመጣችሁትም "አቦ ልቀቁን" ማለታችሁ አይቀርም ነበር።

የዛሬው ነገር ከአንድ ቃል ይነሳል፤ "ገቢ" ከሚለው። በቢሮ ቋንቋ ገቢ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ገንዘብ ነው። ከለገሀር ሳቢያን የሚመላለሰውን የባጃጅ ሹፌር "ገቢህ ስንት ነው?" ብትሉት ግን የሚነግራችሁ ማታ ማታ ለባለ ባጃጁ የሚያስረክበውን ነው። "ስድስት መቶ አስገባለሁ" ይላል። መዝጋቢው 600 ብሎ ይጽፍና በ30 ያባዛዋል፤ 18,000 ብር ይመጣለታል። ሹፌሩም በዚያች ቅጽበት ከድሃ መዝገብ ይሰረዛል። ቃሉ አንድ ነው፤ ለመዝጋቢው የገባ፣ ለሹፌሩ የወጣ። ድሬ ላይ ስለ ሥራና ስለ ድህነት ስናወራ የምንሰራው ስህተት አብዛኛው የዚህች ቃል ዘመድ ነው።

መጀመሪያ "ሥራ አለው" የሚባለው ማን እንደሆነ እንይ። በከተሞች የሥራ ስምሪት ጥናት ሲደረግ ቤት ለቤት የሚዞረው ጠያቂ የሚይዘው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያስገኝ ሥራ ሠርተሃል? አንድ ሰዓት ብቻ። ይህን የሠራ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። መለኪያው የዓለም ሥራ ድርጅት ነው፤ አገርን ከአገር፣ ዓመትን ከዓመት ለማስተያየት ያገለግላል። በ2010 የአገሪቱ ከተሞች የሥራ አጥነት መጠን 19.1 በመቶ ነው የተባለው በዚሁ ነው።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው እንጂ። ቀፊራ ገበያ በር ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ሳምቡሳ ጠብሳ የምትገባ እናትና በሳምንት 48 ሰዓት ፋብሪካ የሚውል መካኒክ በዚህ አቆጣጠር እኩል ናቸው። ከዚያም ወዲያ፣ "ሥራ አጥ" በሚለው ዓምድ ሥር በብዛት የምታገኙት የሚያበላው ሰው ያለውን ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ወላጆቹ ቤት ሆኖ ማስታወቂያ የሚጠብቀውን ወጣት። የምር የቸገረው ሰው ሥራ ፈትቶ ለመቀመጥ አቅም የለውም። ሲነጋ ወጥቶ ይሸከማል፣ ያጥባል፣ ይለምናል፣ ያዞራል፤ ጠያቂው ሲመጣም "ሠርቻለሁ" ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ሥራ አጥነትና ድህነት ድሬ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ድህነትስ በምን ይለካል? የድህነት መስመር የሚባለው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት የምግብ ቅርጫት ዋጋ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ለኪራይ፣ ለልብስና ለመሳሰለው የሚሆን ይጨመርበታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 3,772ቱ የምግብ ነው። በወር ብታካፍሉት 600 ብር እንኳ አይሞላም። በዚህ መስመር ድሬዳዋ ውስጥ ከመቶ 15.4 ሰው ድሃ ነበር፤ ጎረቤታችን ሐረሪ 7.1፣ አገሪቱ በጠቅላላ 23.5። ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ "በወር 600 ብር የሚያገኝ ድሃ አይደለም" ቢል ትስቁበታላችሁ። ቁጥሩ ያኔ ላይ ቀርቷል፤ ዘዴው ግን ዛሬም ይሠራል። ዘዴውን ወስዳችሁ ዋጋውን ከአሸዋ ገበያ አምጡ።

አንድ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እንውሰድ። ሕፃናቱ ከአዋቂ ያነሰ ስለሚበሉ ቤተሰቡ እንደ አራት አዋቂ ይቆጠራል። 2,200 በ4፣ በ30 ቀን ስናባዛው 264,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህ በእህል ቋንቋ ሲነገር 60 ኪሎ ያህል ማሽላ፣ ሩዝ ወይም ዱቄት፣ 3 ሊትር ዘይት፣ 3 ኪሎ ስኳር፣ 3 ኪሎ ምስር ወይም ክክ ነው፤ ቀሪውን ትንሽ ክፍተት ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ይሞሉታል። ሥጋ የለበትም፤ ወተትም የለበትም። ድሬ ጤፍ የዕለት እህሏ አይደለምና በጤፍ አታስሉት፤ ማሽላና ሩዝ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ዝርዝር ጨብጣችሁ አንድ ከሰዓት ገበያ ብትዞሩ የዚህን ወር የምግብ መስመር በአንድ ሰዓት ታገኙታላችሁ። በችርቻሮ ዋጋ ጠይቁ፤ ድሃው 60 ኪሎ በአንዴ አይገዛም። ዘይቱን በሻይ ብርጭቆ፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ ነው የሚያመጣው፤ እንዲህ ሲገዛ ደግሞ በኪሎ የሚከፍለው ከኔና ከናንተ ይበልጣል። ድህነት ውድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከተማዋ። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ሜዳው ላይ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ገባ፤ ቦታውም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የባቡሩ ወርክሾፕ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው ሲሚንቶ፣ የምግብ ፋብሪካው፣ የወር ደመወዝ የሚከፍል ነበር። የከዚራ ሰፈር የተሠራው በወር ደመወዝ ሒሳብ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን በቀን ሒሳብ ነው የኖረው፤ እዚያ ቀን ገዝቶ ቀን መሸጥ ነው። ሁለቱ ይመጋገቡ ነበር። የወር ደመወዝተኛው በዱቤ ይወስዳል፣ ወር ሲደርስ ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም የሚተማመንበት ቀን ነበረው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን ሲያቆም የተቋረጠው ጉዞ ብቻ አልነበረም፤ ይህ የዱቤ ሰንሰለትም አብሮ ተበጠሰ። ባቡሩ ላይ ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ፣ ወደዚያ አትክልት ይዘው የሚመላለሱት ሴቶች ታይዋንና አሸዋ በሚባሉት የድሬ ገበያዎች ውስጥ መደብ ይዘው ቀሩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ነገር ግን ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ኮንቴይነር ይዞ ያልፋል እንጂ በየፌርማታው ለጉሊት ገበያ አይቆምም። ጭነቱ በዛ፤ በጭነቱ ዙሪያ የሚለቃቀመው ሳንቲም ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አሁን የወር ደመወዝ ተስፋ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና። ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ግን የቅጥር ማስታወቂያውን ትተን የደመወዝ ወረቀቱን እንይ።

ለስሌት እንዲመች መነሻ ደመወዝ 3,000 ብር ይሁን። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለውን ነፃ አድርጎ ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ ይጥላል፤ ስለዚህ ግብሩ 150 ብር ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 210 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 330 ብር ይጨምራል። እጅ ላይ የሚደርሰው 2,640 ብር ነው። ድርጅቱ ሰርቪስ ከሌለው፣ መሄጃ 20 መመለሻ 20 ብለን በ26 ቀን ስናባዛ 1,040 ብር መንገድ ላይ ይቀራል። ምሳ በ60 ብር ከተበላ ሌላ 1,560። ከ2,640 ላይ 2,600 ሄደ። አርባ ብር! አንድ ወር ሙሉ ተሠርቶ ለቤት የምትገባው አርባ ብር ናት።

ቁጥሮቹን እንደየቦታችሁ ቀያይሯቸው፤ ነጥቡ አይለወጥም። በዝቅተኛ ደመወዝ ሰርቪስና ምሳ ጥቅማ ጥቅም አይባሉም፤ ዋናው ክፍያ እነሱ ናቸው። "ወጣቱ በሁለት ወሩ ጥሎ ይሄዳል፣ የሥራ ባህል የለውም" ሲባል እንሰማለን። ባህል አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሁለት ወር የሚፈጅበት ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ዘመድ ስለሚሸፍንለት ነው። ሥራ የምታገናኙ ባለሙያዎች ማስታወቂያ ስትለጥፉ ከደመወዙ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰርቪስ በየት በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ምሳ አለ ወይስ የለም፣ የማታ ፈረቃ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ። ማታ 5 ሰዓት የምትወጣ ልጅ ገንደ ቆሬ ለመግባት ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለች፤ ያን ቀን የሠራችው ለባጃጁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ሌሊት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የ3,000 ብር ሠራተኛ ሰዓት 26 ቀን በ8 ሰዓት፣ ማለትም በ208 ሲካፈል 14 ብር ከ42 ሳንቲም ነው። አንድ የቀን ትርፍ ሰዓት 21 ብር ከ63 ይሆናል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚህ ማካፈያው ላይ ነው፤ በ208 ፈንታ በ240 ይካፈልና ሰዓቱ 12 ብር ከ50 ይሆናል። ማባዣውን ሁሉም ይከራከርበታል፤ ማካፈያውን የሚያየው የለም።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን እንዲበልጥ አይፈቅድም። 60ው ሲሞላ አሰናብቶ እንደ አዲስ መቅጠር፣ ሠራተኛውን ዕድሜ ልኩን ጀማሪ ማድረግ ነው። የጽሑፍ ውል ያልተሰጠው ሠራተኛም መብት የለውም ማለት አይደለም፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። "ሂሳቤን ስወጣ አንድ ላይ እጠይቃለሁ" የሚል ሰው አሮጌውን ወር እያጣ ነው። አንድ መታወቂያ የሚያህል ደብተር ይያዝ፤ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የፈረቃ ኃላፊው ስም። የሚከብደው ይህን መጻፉ አይደለም፣ በየቀኑ መጻፉ ነው።

ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይጠቅሳል እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ ሰርቪሱና ምሳው ላይ መደራደር ለጊዜው ያለው ጠንካራ መሣሪያ ነው።

ወደ ቀን ሒሳብ እንመለስ፤ ሰፊው የድሬ ሕዝብ ያለው እዚያ ነውና። ባጃጁን እንጨርስ። አሁንም ቁጥሩ ለስሌት ነው። አንድ ሹፌር ቀኑን ሙሉ 1,800 ብር ሠራ። 600 ለባለ ንብረቱ ገቢ፣ 650 ቤንዚን፣ 50 ተራና እጥበት፣ 150 ምሳና ውሃ። የቀረው 350። በወር ከጥገናና ከሰልፍ የተረፈው 24 ቀን ነው እንበል፤ 8,400 ብር። ከነዚያ ካልሠራባቸው ቀናት ሁለቱን ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ውሎ ባለ ንብረቱ "ገቢውን አምጣ" ካለው 1,200 ይቀነሳል፤ 7,200 ቀረ። በ30 ቀን ሲካፈል 240 ብር ነው። መዝጋቢው 18,000 ብሎ የጻፈው ሰው እውነተኛ ገቢው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከ350ው ይልቅ እነዚያ ሁለት የሰልፍ ቀናት ናቸው የሚያሳስቡት። ሹፌርና ባለ ንብረት ሲስማሙ የሚነጋገሩት ስለ ገቢው መጠን ብቻ ነው። ሦስት ነገር ሳይነገር ይቀራል፦ የሰልፍና የብልሽት ቀን ገቢ ይከፈላል ወይ፣ ዘይትና ጎማ የማን ነው፣ የትራፊክ ቅጣቱስ። ሁለት ምስክር ያለበት ግማሽ ገጽ ወረቀት ይህን ይፈታል። ሰልፉን ለመሸሽ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን የሚገዛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ከተቀላቀለበትም መጀመሪያ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ይዘጋል። ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አቁማችሁ ከሥር የዘቀጠ ንብርብር ካያችሁ ውሃ ነው፤ ነጭ ጋዙን ግን በዓይን አታገኙትም።

ጫት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በጎ ነው ክፉ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወውና ንግዱን ብቻ እንየው። ጫት ዋጋው በሰዓት የሚወርድ ዕቃ ነው። ከአወዳይ በኩል ትኩሱ ይገባል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በርጫ (ጫት መቃሚያ) ሊቀመጥ የሚሄደው ሁሉ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽያጭ ቁልቁለት ነው። በማግስቱ ጠውልጎ ፈላጊ ያጣል። ገራባው (ተራፊው ቅጠል) የፍየል ነው።

አንዲት ቸርቻሪ ጠዋት 10 ዙርባ (እስር) ጫት በ300 ብር ሒሳብ በዱቤ ወሰደች፤ ዕዳዋ 3,000። እስከ 8 ሰዓት ሰባቱን በ380 ሸጠች፣ 2,660። ወደ ማታ ሁለቱን በ250 አወጣች፣ 500። አንዷ ቀረች። ድምሩ 3,160። ዕዳዋን ከፍላ 160 ብር ያዘች፤ ከዚያ ላይ ፌስታልና ትራንስፖርት አለ። አሁን 8 ብቻ ወስዳ ቢሆንስ? ዕዳዋ 2,400፤ ሰባቱ ያው 2,660፣ ስምንተኛው 250፤ ድምር 2,910። ትርፏ 510። ሁለት ዙርባ ባለመውሰዷ 350 ብር አተረፈች።

ታዲያ ለምን አሥር ትወስዳለች? ሒሳብ ስለማትችል አይደለም። ጅምላ ሻጩ ለሚያበዛ ደንበኛ ነው የተሻለውን ቅጠል የሚሰጠው፤ ባሳነሰች ቁጥር ወረፋዋ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዱቤውም ይጠባል። ስለዚህ ለቸርቻሪ "ሥልጠና" ከመስጠት በፊት ከዱቤ የምትላቀቅበትን የአንድ ቀን ካፒታል ማሰብ ይሻላል። በኛ ምሳሌ 2,400 ብር ነው፤ ብዙ አይደለም። በጥሬ ብር የሚገዛ ሰው መርጦ ይወስዳል፣ መጠኑንም ራሱ ይቆርጣል። የቅጠሉ ጥበብ ለራሷ አይጠፋትም። በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ነው፤ ውሃ አርከፍክፎ ማጨቅ ያጠቁረዋል።

ሰልባጅ የሚነግዱት ሴቶች ያለባቸው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕቃው አይበላሽም፤ ቦንዳው ሳይፈታ ይገዛል፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። አንድ ቦንዳ ለአራት ሆኖ መግዛትና በደረጃ ለይቶ መከፋፈል የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ጠቡም ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው።

የቀን ሒሳብ ጠላቱ ዝናብም ነው። ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ገበያ ይዘረጋል፤ ቦታው ኪራይ ስለሌለው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ከሞቱት ሌላ፣ መደባቸው ላይ የነበረ ካፒታላቸው የጠፋ ነጋዴዎች ከዜሮ ጀምረዋል። ዝናብ የጣለው ድሬ ላይ ሳይሆን ከላይ ደጋው ላይ ነውና ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ዕቃ ማታ ማታ ከወንዙ ወጥቶ የሚያድርበት የጋራ ማከማቻ ከማንኛውም ብድር ይልቅ ካፒታል ያድናል።

ስለ ብድር። አንድ ሰው 20,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ12 ወር ተበደረ። ወለዱ ከመነሻው ብር ላይ ከታሰበ 3,600 ብር ይሆናል፤ በየወሩ የሚከፍለውም 1,967 ያህል ነው። ከቀሪው ዕዳ ላይ እየቀነሰ ከታሰበ ግን ጠቅላላ ወለዱ 2,000 ብር አካባቢ፣ ወርሃዊው 1,834 ነው። ሁለቱም "18 በመቶ" ይባላሉ። ጥያቄው "ወለዱ ስንት ነው?" መሆኑ ይቅርና "በየወሩ ስንት ከፍዬ በስንት ወር ይዘጋል?" ይሁን። ከብሩ ላይ 10 በመቶ በግዴታ ቁጠባ ቀድሞ ከተያዘ እጁ የገባው 18,000 ነው፤ ወለድ የሚከፍለው ግን በ20,000 ነው።

ሁለተኛው ችግር የቀን አቆጣጠር ነው። ገቢው የቀን፣ ክፍያው የወር። በወሩ መጨረሻ 1,967 ብር አንድ ላይ የሚያገኝ ጉሊት የለም፤ ስለዚህ ክፍያው ሲደርስ ከጎረቤት ይበደራል። የቀን ዕቁብ ይህን ይፈታዋል፤ ሃያ ሰው በየቀኑ 100 ብር ጥሎ በየቀኑ ለአንዱ 2,000 ይወጣል፤ ዕጣውም ከክፍያው ቀን ጋር ይገጣጠም ዘንድ ይለዋወጣሉ። ዕቁብ የሚፈርሰው ሰው ሌባ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መጣያውን የሚቆርጡት በደህና ቀን ሽያጭ ስለሆነ ነው። በመጥፎው ቀን ሽያጭ ቁረጡት። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቀን ሻይና ቁርስ ይሞታል፤ ሳምቡሳ ወደ ፉጡር (ጾም መፍቻ) ሰዓት ይዞራል፤ በርጫም ሌሊት ይሆናል። ያን ወር የሚያርፍ የብድር ሰሌዳ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሴፍቲኔቱ፤ ግማሻችሁ የመጣችሁት ለሱ ነው። የከተሞች ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ነበሩበት። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ይሳተፋል፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ በቀጥታ ይደገፋል፣ ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጠባል፣ የሥራው መጠን በየዓመቱ እየቀነሰ በሦስት ዓመት ተመራቂ ይባላል፤ ለመቋቋሚያም ገንዘብ ይሰጠዋል።

ጥሩ የሚሠራው ክፍል ቁጠባው ነው። ደካማው መመረቂያው ነው። በአንድ ቀበሌ በአንድ ጊዜ የተመረቁ ሰዎች በአንድ ሥልጠና አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ዓይነት የንግድ ዕቅድ ይዘው ይወጣሉ፤ በአንድ መንገድ ላይ ዘጠኝ የሳምቡሳ ምድጃ ይበራል። ገበያው ሦስት ነው የሚችለው። ዕቅድ ስታጸድቁ የግለሰቧን ወረቀት ብቻ አትዩ፤ ዘጠኙን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። ሦስቱን ወደ ልብስ ጥገና፣ አንዷን ወደ በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለቱን ወደ ፋብሪካ ምሳ አቅራቢነት ማዞር ይቻላል። የፋብሪካ ምሳውን ነገር አስታውሱ፤ ቅድም 1,560 ብር የበላብን ወጪ ለሌላዋ ገበያ ነው።

ክፍያ ሲዘገይም እንዲሁ ማየት ያለባችሁ ከሱቅ ዱቤ ጋር ነው። አንድ ወር የዘገየ ክፍያ ሲመጣ በአመዛኙ የባለ ሱቁ ነው፤ ያን ቀን "ተከፈላቸው" ብሎ ሪፖርት ማድረግ ስለ ቤቱ ጓዳ ምንም አይነግራችሁም።

ምልመላ ላይ የሚቀሩት ሰዎች ይታወቃሉ። መታወቂያ የሌለው አዲስ መጪ አለ፤ ግቢ ውስጥ ተዳብሎ የሚኖር ተከራይ አለ፤ ባሏ ጅቡቲ ሄዶ "ገንዘብ ይልካል" የምትባል ሴት አለች። ይልካል ወይ? በዓመት ስንቴ? የላከበትን ቀን ታስታውሳለች ወይ? አንዴ የላከ ሰው ዕድሜ ልኩን እየላከ መዝገብ ላይ ይኖራል።

ስለዚህ ቅጹ ላይ "ሥራ አለህ?" ከሚለው ጎን አራት ጥያቄ በእጃችሁ ጻፉበት። ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠራህ? ማታ ከሁሉ ተከፍሎ ስንት ይዘህ ገባህ? ለሱቅ ያለብህ ዕዳ ካለፈው ወር ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ባጃጅ ከሆነ ደግሞ፣ ገቢ ስትል የምትሰጠውን ነው የሚተርፍህን?

ስትሄዱም ጠዋት አትሂዱ። በ3 ሰዓት በር የምታንኳኩበት ቤት የምታገኙት አያትና ሕፃን ነው፤ "ወጥተዋል፣ ሥራ ናቸው" ይሏችኋል፣ ቅጹም በዚያ ይሞላል። ማታም ገበያ ላይ ናቸው። ድሬ ሰው ቤቱ የሚገኘው ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። ላባችሁን እየጠረጋችሁም ቢሆን በዚያ ሰዓት ሂዱ፤ ጥላ ሥር አስቀምጠው ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ይሰጧችኋል፣ የዱቤ ደብተሩንም ያወጡላችኋል።